ከሐምሌ ዝናብ ወደ ዛንዚባር ባሕር ዳርቻ

ሐምሌ በአዲስ አበባ የገበያው እንቅስቃሴ የሚቀዘቅዝበት ወር ነው። መንገዱ ይጨቀያል፤ ከሩቅ አገር የሚመጣው ገዢ ይቀንሳል፤ የሕንፃ መሣሪያ ሻጭ ሱቁን ከፍቶ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን በረዶ ሲያዳምጥ ይውላል። ትምህርት ቤትም ስለሚዘጋ ልጆች በቤት ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ከሒሳብ መዝገቡ ቀና ሳይል የከረመ ነጋዴ፥ ቤተሰቡን ይዞ ፀሐይና ሙቅ ባሕር ወዳለበት አገር ለጥቂት ቀናት ለመሄድ የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ወራት ነው። አሳቡ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ በመጠየቅ ሲሆን፥ ስለ ነፋሱና ስለ ጨረቃው የሚጠይቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ፥ ያውም ባሕሩ ዳር ቆሞ ነው።

ስለ ባሕር ዳርቻ ዕረፍት የተጻፉት መምሪያዎች ብዙዎቹ ለአውሮፓውያንና ለአሜሪካውያን የተዘጋጁ ናቸው። የእነርሱ የብርድ ወራት ታኅሣሥ፥ ጥርና የካቲት ስለሆነ፥ ከበረዶ ሸሽተው ወደ ሙቅ ባሕር የሚወርዱት ያን ጊዜ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግን የሚሸሸው ከሰኔ እስከ መስከረም ከሚዘንበው ዝናብ ነው። የእነርሱን መምሪያ እንዳለ የተከተለ ሰው በሐምሌ ወር ጅቡቲ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ በዚያ ወር የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ እየወጣ፥ ከበረሓ የሚነሣው ነፋስ አሸዋ ይዞ ፊት ይገርፋል።

ዕድሜያቸው የገፋ ነጋዴዎች ባሕር ሲባል ወዲያው የሚያስታውሱት ምጽዋንና የጉርጉሱምን ዳርቻ ነው። ለዚያም ጊዜው የበጋው ወራት ነበር፤ በክረምት ወደ ምጽዋ ለመዝናናት የሚወርድ ሰው አይገኝም ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት፥ የዛሬው ቤተሰብ ዓይኑን ወደ ጎረቤት አገሮች ይጥላል። ለዕቃ ጉዳይ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ነጋዴ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ቢጨምር፥ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሲመገብ ለማየት ይችላል። ይህ ዓሣ ከመጠኑ በቀር የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ምግቡ በውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረቶች ናቸው።

ለሐምሌና ለነሐሴ የሚስማማው ግን ወደ ደቡብ፥ ከምድር ወገብ ማዶ ያለው ዛንዚባር ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚሄድ አውሮፕላን ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያደርሳል። በዚያ አገር ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ትንሹም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገደማ ይዘንባል። አዲስ አበባ በጎርፍ በምትታጠብበት ጊዜ ዛንዚባር ደረቅ ነው፤ ሙቀቱም ከዓመቱ ሁሉ ለዘብ ያለ ነው።

የዛንዚባርን ባሕር የሚገዙት ሁለት ነፋሶች ናቸው። ካስካዚ የሚባለው ከሰሜን ምሥራቅ፥ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ይነፍሳል፤ ኩሲ የሚባለው ደግሞ ከደቡብ ተነሥቶ ከግንቦት እስከ መስከረም ይነፍሳል። የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በሸራ ጀልባዎቻቸው ተምርና ጨርቅ ጭነው በካስካዚ ይወርዱ፥ የዝሆን ጥርስ ጭነው በኩሲ ይመለሱ ነበር። ነፋሱን ሳይጠብቅ የተነሣ ነጋዴ ዕቃውን ያጣ ነበር። የዛሬው ጎብኚ ዕቃ ባያጣም ቀኑን ያጣል፤ ኩሲ በሐምሌ የደሴቲቱን ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ስለሚመታ፥ በፓጄ መንደር በኩል ባሕሩ ለነፋስ ስፖርት እንጂ ከውኃ በታች ለማየት አይመችም። በሰሜን ጫፍ የሚገኙት ንዑንግዊና ኬንድዋ ከነፋሱ የተጠለሉ ናቸው። በፎቶግራፍ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነጭ አሸዋ ይመስላል፤ ስለዚህ ሆቴል የሚመርጥ ሰው ከፎቶግራፉ ይልቅ ካርታውን ቢመለከት ይበጀዋል።

ከነፋሱ ቀጥሎ ያለው የጨረቃ ነገር ነው። ሐይቅ እንጂ ባሕር የማያውቅ የደጋ ሰው እጅግ የሚደነቅበትም ይህ ነው። ባሕሩ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በዛንዚባር በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት በትልቁ ጊዜ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። በምሥራቁ ዳርቻ መሬቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ፥ ጠዋት ከሆቴሉ ደረጃ ሥር ይመታ የነበረው ባሕር ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ሄዶ፥ የሚታየው አሸዋ፥ ኩሬና ያዘነበለ ጀልባ ብቻ ይሆናል። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ሰው ይህን ሳያውቅ ሲቀር የተታለለ ይመስለዋል።

ሽሽቱ የሚበረታው ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ፥ ወይም ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ግን ልዩነቱ ያንሳል። ይህን ለማወቅ የውጭ አገር ሠንጠረዥ ማገላበጥ ግድ አይደለም። የሂጅራን አቆጣጠር የሚከተል ነጋዴ ከወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን አካባቢ ባሕሩ ሩቅ እንደሚሸሽ፥ በ8ኛውና በ22ኛው ቀን አካባቢ ደግሞ ረጋ እንደሚል ከቀን መቁጠሪያው ብቻ ሊረዳ ይችላል። በባሕረ ሐሳብ የጨረቃን ሌሊት የሚቆጥር ሰውም እንዲሁ። ሰባት ቀን የሚቆይ ቤተሰብ ግማሽ ጨረቃ በመካከል እንድትውል አድርጎ ቀኑን ቢመርጥ፥ ያለ ተጨማሪ ወጪ ብዙ የመዋኛ ሰዓት ያገኛል። ትክክለኛው የየቀኑ ሰዓት በየሆቴሉ ተጽፎ ይገኛል።

ሰዓትን በተመለከተ ለኢትዮጵያዊ የሚያስደስት ነገር አለ። የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ ኢትዮጵያውያን ቀኑን የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው፤ «ሳአ ታቱ» ሲሉ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለታቸው ነው። ሆኖም ጀልበኛው እንግሊዝኛ የተናገረ እንደሆነ ያንኑ ሰዓት ዘጠኝ ብሎ ይጠራዋል። ቀጠሮ ሲያዝ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተነጋገሩ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ጀልባውም ሆነ ሙላቱ አይጠብቁምና።

ከውኃ በታች ያለውን ለማየት የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ዓይንንና አፍንጫን የሚሸፍን የውኃ መነጽር፥ ስኖርክል የሚባለው በአፍ የሚያዝ የመተንፈሻ ቱቦ፥ እንደ ዳክዬ እግር ሰፊ የሆነ የጎማ ጫማ። ከእነዚህ መካከል መነጽሩ በፊት ልክ መሆን አለበት። መነጽሩን ያለ ማሰሪያው ፊት ላይ አድርጎ በአፍንጫ አየር ሲስቡ ሳይወድቅ ከቀረ ልክ ነው፤ ከወደቀ ግን ውኃ ያስገባል። ጢም ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ቢፈትን መልካም ነው። በኪራይ የሚገኙት መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ያረጁ ስለሆኑ፥ ሌላው ቢቀር ለልጆቹ የሚሆነውን መነጽር ገዝቶ መሄድ ይሻላል።

የሚያሳስበው ግን የመሣሪያው ነገር አይደለም። በደጋ ያደገ ሰው አብዛኛው ዋና አያውቅም፤ አባትየው ሳያውቅ ልጆቹን ይዞ ወደ ጥልቅ ባሕር የሚወጣ ቤተሰብም ብዙ ነው። የሚሰጥም ሰው እንደሚታሰበው አይጮኽም፤ አፉ ከውኃው በታችና በላይ ስለሚሆን ለመጮኽ ፋታ አያገኝም። ስለዚህ ዝግጅቱ ከሁለት ወር በፊት፥ በአዲስ አበባ በሚገኝ መዋኛ ወይም በሶደሬ ፍል ውኃ መጀመር አለበት። መጀመሪያ ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ በቱቦው ቀስ ብሎ መተንፈስ፤ ቀጥሎ ውኃ ወደ ቱቦው ሲገባ አንድ ጊዜ በኃይል «ፉ» ብሎ ማስወጣት፤ ከዚያም ሳይደነግጡ በጀርባ መንሳፈፍ። እነዚህን ሦስት ነገሮች በደረት ልክ በሆነ ውኃ ውስጥ ሳያስቡት የሚያደርግ ሰው በባሕሩ ይደሰታል፤ ጨዋማው ውኃ ራሱ ደግፎ ያንሳፍፈዋል። እስከዚያ ያልደረሰ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳያወልቅ፥ እግሩ ከሚደርስበት ቦታ ሳይርቅ ይመልከት። ልብ ሕመም ወይም አስም ያለበትም ሐኪሙን ሳያማክር አይግባ።

ወደ ምኔምባ ደሴት የኮራል ዳርቻ፥ ዓሣው በብዛት ወደሚታይበት ስፍራ፥ የሚኬደው በጀልባ ነው። ነጋዴ መከራከር ያውቃልና ስለ ዋጋው ምክር አያሻውም፤ ከክርክሩ በፊት ግን የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን በዓይኑ ይቁጠር። በጳጉሜን 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ስፓይስ አይላንደር የተባለችው መርከብ ከልክ በላይ ተጭና በዛንዚባር ደሴቶች መካከል ሰጥማ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። በጀልባው ላይ ካለው ሰው አንድ ጃኬት እንኳ ቢጎድል ቅናሹ የቱንም ያህል ቢሆን ዋጋው ውድ ነው።

ወረቀትን በሚመለከት፥ ታንዛንያ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ተጓዥ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ትጠይቃለች። ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሮጥ አይጠቅምም፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ያገለግለዋል። ስለ ወባ መድኃኒትም በዚያው ሐኪምን መጠየቅ ነው። ዛንዚባር ደግሞ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ የደሴቲቱን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ አዛለች፤ ሲጀመር ለአዋቂ ሰው 44 ዶላር ነበር። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ፥ በሚያዝያ በብር የተሠራ በጀት በሐምሌ ላይበቃ ይችላል፤ ሒሳቡ ከመጀመሪያው በዶላር ቢሠራ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ የአውሮፓ ልጆችም ስለሚያርፉ የሆቴል ዋጋ ከፍ ይላል፤ ዝቅ የሚለው በትልቁ ዝናብ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ሄዶ ግን ዝናቡን በሌላ አገር ማየት ብቻ ይሆናል። ዕቃ በፌስታል ጠቅልሎ መሄድም አይፈቀድም፤ ታንዛንያ ከሰኔ 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ክልከላው ለገቢው መንገደኛም ነው።

የደሴቲቱ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ሙስሊም ስለሆነ፥ የመዋኛ ልብስ በባሕር ዳር ብቻ ነው፤ ወደ መንደርና ወደ አሮጌው የድንጋይ ከተማ ሲገቡ ትከሻንና ጉልበትን መሸፈን ጨዋነት ነው። ጉዞው በፍልሰታ ጾም ላይ የዋለበት ክርስቲያንም አይቸገርም፤ ቦሎቄ በኮኮናት ወተት፥ ሩዝና ጎመን የአገሩ ሰው የዘወትር ምግብ ነው። ቅቤ ገብቶበት እንደሆነ መጠየቅ ግን አይከፋም።

ባሕሩ በሸሸ ጊዜ ወደ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው፥ ሴቶች ጎንበስ ብለው በችካልና በገመድ መካከል ሲሠሩ ያያል። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ ገበያ የሚለማው የባሕር አረም እርሻ ነው። አረሙ ደርቆ ይላካል፤ ከውስጡ የሚወጣው ንጥረ ነገር ምግብንና የጥርስ ሳሙናን ለማወፈር ይጠቅማል። ገመዱን መርገጥ የሰው ማሳ መርገጥ ነው። እንደ ጃርት እሾሃም የሆነ የባሕር እንስሳም በየድንጋዩ ሥር ስላለ፥ ጫማ ሳያደርጉ መሄድ ዕረፍቱን በሐኪም ቤት ያስጨርሳል።

ኮራሉ ራሱ ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕይወት ያለው ነው፤ ቢነኩት ይቆስላል፥ ቢቆሙበት ይሰበራል፥ ሲያድግም በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የሕንድ ውቅያኖስ ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ በብዙ ስፍራ ነጥቶ ሞቷል። ይህን ሀብት ጠብቆ መነገድ እንደሚቻል ከድንጋዩ ከተማ በስተደቡብ ያለችው ቹምቤ ደሴት ታሳያለች። በ1994 እ.ኤ.አ. የተከለለችው ይህች ደሴት በግል ድርጅት የምትተዳደር የባሕር ጥብቅ ስፍራ ናት፤ ዓሣ ማጥመድ ተከልክሎ፥ ከ400 የሚበልጥ የዓሣ ዓይነት ተቆጥሮባታል። የእንግዳ ቤቶቿ ሰባት ብቻ ናቸው፤ ከእንግዶች የሚገኘው ገቢ ለጥበቃውና ለአካባቢው ተማሪዎች ትምህርት ይውላል። ለጀርባ የሚቀባ የፀሐይ ቅባት ከማብዛት ይልቅ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ሸሚዝ ለብሶ መዋኘት ለቆዳውም ለኮራሉም ይሻላል፤ የጥቁር ሰው ቆዳ በፀሐይ አይቃጠልም ማለት ስሕተት ነው።

በዚህ ሁሉ የተደሰተ ወጣት የአየር ጋን ተሸክሞ ወደ ጥልቁ መውረድ ቢያምረው፥ የመመለሻውን ቀን አስቀድሞ ይመልከት። በጋን የጠለቀ ሰው በደሙ የገባው የናይትሮጅን አየር እስኪወጣ ድረስ መብረር አደገኛ ነው፤ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ የታወቀ ደንብ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፥ የመጨረሻውን ቀን ሙሉ በአሸዋው ላይ ማሳለፍ ይመረጣል። በስኖርክል ብቻ የዋኘ ሰው ግን ይህ አይመለከተውም።