ፊርማ ብቻውን ዋጋ አይሆንም

ቡና በደረጃው፣ ወርቅ በካራቱ፣ ቦታ በካሬ ሜትሩ ይሸጣል። ከመቶ ዓመት በፊት የታተመና የሠዓሊው ፊርማ ያረፈበት የሥዕል ኅትመት ግን በምን ይመዘናል? ከቤተሰብ የወረሰውም ሆነ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛው ሰው ለገዢ አስቀድሞ የሚያሳየው ፊርማውን ነው። ዋጋ አውጪዎቹ ግን በቅድሚያ የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ መቼ ታተመ? ስንት ቅጂ አለ?

ለዚህ የፓብሎ ፒካሶ «ለ ረፓ ፍሩጋል» (ቁጥብ ማዕድ) ጥሩ ማስረጃ ነው። ሠዓሊው ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1904 በዚንክ ሰሌዳ ላይ ቀርፆ ጥቂት ቅጂዎች ብቻ ታተሙ። በ1913 የሥዕል ነጋዴው አምብሯዝ ቮላር ሰሌዳው ብዙ ኅትመት እንዲችል በብረት አስለብጦ 250 ያህል ቅጂ አወጣ። ልባጡ ለሰሌዳው ዕድሜ ቢሰጠውም የቀለሙን ጥልቀት ቀንሶታል። ሥዕሉም ሰሌዳውም አንድ ሲሆኑ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ከልባጡ በፊት ከታተሙት አንዱ በ2022 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ ከ6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያወጣ ሲሆን፣ የ1913ቶቹ የሚሸጡት ከዚያ እጅግ ባነሰ ዋጋ ነው።

ፊርማውም ቢሆን ራሱ መመርመር አለበት። በእርሳስ መፈረም የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። በመሆኑም በ1669 በሞተው በሬምብራንት ሥራ ላይ የእርሳስ ፊርማ የሚያይ ገዢ ከመደሰቱ በፊት መጠርጠር ይኖርበታል። ከሰሌዳው ጋር አብሮ የታተመ ፊርማም በእጅ እንደተፈረመ አይቆጠርም። በማጉያ መነጽር ሲታይ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩ፣ ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ የፎቶግራፍ ቅጂ ነው።

እውነተኛ ፊርማም ቢሆን ሊያታልል ይችላል። በ1974 የፈረንሳይ ጉምሩክ ወደ አንዶራ በሚያመራ መኪና ላይ የሳልቫዶር ዳሊ ፊርማ ያለባቸው 40 ሺህ ያህል ባዶ ወረቀቶች አግኝቷል። ፊርማው ከሥዕሉ ቀድሟል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በዳሊ ስም የሚቀርብ ኅትመት በገበያው ውስጥ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል።

ከፊርማው አጠገብ «12/75» የሚል ቁጥር ካለ፣ ከ75 ቅጂዎች 12ኛው እንደሆነ ይነግራል። ለዋጋው የሚጠቅመው 75 የሚለው፣ ማለትም የአቅርቦቱ ልክ ነው። ቀጥሎ ወረቀቱ ይታያል። ጠርዙ ተቆርጧል? ፀሐይ አደብዝዞታል? እርጥበት ቡናማ ነጠብጣብ ጥሎበታል? ባለቤቱ በቅን ልቦና በፍሬም ልክ ያስቆረጠው ጠርዝ ከዋጋው ብዙ ሊቀንስ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ኅትመቱ የሠዓሊውን ሥራዎች በሙሉ ከሚዘረዝረው ካታሎግ ጋር ይመሳከራል፤ ተመሳሳይ ቅጂዎች በቅርብ ጨረታዎች ያወጡት ዋጋም ይታያል። ተሸጠ የተባለው እንጂ ተጠየቀ የተባለው ዋጋ መለኪያ አይሆንም። ታላላቅ የጨረታ ቤቶች ፎቶግራፍና ልኬት ሲላክላቸው ግምታቸውን ያለ ክፍያ ይሰጣሉ።

ሻጩ ሒሳቡንም አስቀድሞ መሥራት አለበት። ለምሳሌ መዶሻው በ1,000 ዶላር ላይ ቢያርፍና የገዢው ኮሚሽን 25 በመቶ፣ የሻጩ ደግሞ 10 በመቶ ቢሆን፣ ገዢው 1,250 ይከፍላል፤ ሻጩ 900 ይቀበላል። የ350 ዶላሩ ልዩነት የጨረታ ቤቱ ነው። ለኢንሹራንስ የሚጻፈው ግምትም ምትክ ለመግዛት የሚበቃውን የሚያሰላ ስለሆነ ከሽያጭ ዋጋ ከፍ ይላል። በዚያ ወረቀት ተማምኖ ብድር የሚወስድ ወይም ድርሻ የሚያካፍል ወራሽ ጉድለቱን የሚያውቀው በሽያጩ ዕለት ነው።

የመጀመሪያው ደላላ ለጠራው ዋጋ እሺም እምቢም ከማለት በፊት ጠርዙን ለክቶ፣ ፊርማውን በማጉያ አይቶ፣ ቢያንስ ሁለት ግምት መጠየቅ ያዋጣል። የሚያስወጣው ወጪ የማጉያ መነጽሩ ዋጋና ጥቂት ቀን መታገስ ነው።