የጓያ መርዝ በቀጭን ቱቦ ሲለካ
ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

እንደሚታወቀው ጓያ ድርቅን ከሚቋቋሙ የጥራጥሬ ሰብሎች አንዱ ነው። በዋልካ መሬት ላይ ክረምቱ ሲወጣ ተዘርቶ፣ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ውሃ ቢተኛበትም ሆነ ዝናብ ቢያጥርበት፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ፍሬ ይሰጣል። ብዙ እርሻና ማዳበሪያ አይጠይቅም። በፕሮቲን የበለጸገ ከመሆኑም በላይ አፈሩን በናይትሮጅን ያዳብራል። በአገራችን ብቻ ሳይሆን በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በኔፓልም የሚዘራው በእነዚሁ ምክንያቶች ነው።

ይሁን እንጂ ጓያ ለሁለትና ለሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል። ሕመምተኛው አእምሮው ጤናማ ሆኖ ሳለ እግሮቹ ይደርቃሉ፤ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ሲብስም በእጁ ይድሃል። በብዛት የሚጠቁት ለሥራ የደረሱ ወጣት ወንዶች ናቸው። አንዴ ከደረሰ በኋላ ሕመሙን የሚያድን መድኃኒት የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጓያ በሚዘራባቸው አካባቢዎች ከ1,000 ሰዎች መካከል በአማካይ 6 ያህሉ የዚህ ሕመም ሰለባ መሆናቸውን አሳይቷል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላም በወሎ በደላንታ ዳውንት ሕመሙ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር።

በየወረዳው ከልማት ሠራተኞች ጋር በምንነጋገርበት ጊዜ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ «ይህ የእኛ ጓያ መርዙ ምን ያህል ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መርዙ በዓይን አይታይም፤ በጣዕም አይታወቅም፤ የፍሬው ቀለምና መጠንም አስተማማኝ ምልክት አይሆንም። መልሱ የሚገኘው በላቦራቶሪ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመለኪያነት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ የሆነው የካፒላሪ ኤሌክትሮፎረሲስ እንዴት እንደሚሠራ፣ የሚሰጠው ቁጥር ምን እንደሚል፣ ምን እንደማይልና ከልማት ሠራተኛው ምን እንደሚጠበቅ እናስረዳለን።

መርዙ ምንድን ነው?

መርዙ በአጭር ስሙ ቤታ-ኦዳፕ ይባላል። የፕሮቲን መሥሪያ ከሆኑት አሚኖ አሲዶች ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን ፕሮቲን ውስጥ የማይገባ ንጥር ነው። ከጓያ ፍሬ ተለይቶ ማንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 በሕንድ ተመራማሪዎች ነው። በውሃ በቀላሉ ይሟሟል።

ቤታ-ኦዳፕ አልፋ-ኦዳፕ የሚባል መንትያ አለው። ሁለቱ ከአንድ ዓይነት አተሞች የተሠሩና እኩል ክብደት ያላቸው ናቸው። የሚለያዩት አንዱ የሞለኪውሉ ክፍል በተለጠፈበት ቦታ ብቻ ነው። በጥሬው ፍሬ ውስጥ እጅግ የሚበዛው ቤታ ነው። ጓያው በውሃ ሲፈላ ግን የቤታው ከፊል ወደ አልፋ ይለወጣል፤ ለውጡ እስከ 40 በመቶ ገደማ ደርሶ ይቆማል። አልፋው መርዛማነቱ ከቤታው በጣም ያነሰ ነው። ስለሆነም ጠቅላላውን ኦዳፕ መለካትና ቤታውን ለብቻው መለካት አንድ አይደሉም።

ለብዙ ዓመታት በሰፊው ሲሠራበት የቆየው መለኪያ ቀለም በማውጣት የሚሠራው ነው። ዋጋው አነስተኛ ነው፤ በአንድ ቀንም ብዙ ናሙና ይመረመርበታል፤ ለዝርያ መረጣ ሥራ እስካሁን ይጠቅማል። ነገር ግን አልፋውንና ቤታውን በአንድ ላይ ይቆጥራል። ጥሬ ፍሬ ለመመርመር ይህ ብዙ አይጎዳም። የበሰለ ምግብ ሲመረመር ግን መንትዮቹን መለየት ያስፈልጋል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ኤሌክትሮፎረሲስ ማለት በፈሳሽ ውስጥ ያሉ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን ሞለኪውሎች በኤሌክትሪክ ኃይል እየሳቡ መለየት ማለት ነው። አዎንታዊ ሙል ያለው ወደ አሉታዊው ጫፍ፣ አሉታዊ ሙል ያለው ደግሞ ወደ አዎንታዊው ጫፍ ይሄዳል። ትንሽ አካልና ብዙ ሙል ያለው ይፈጥናል፤ ትልቅ አካልና ጥቂት ሙል ያለው ይዘገያል። በዚህ ዘዴ የደም ፕሮቲኖችን የለየው ስዊድናዊው አርነ ቲሰልዩስ እ.ኤ.አ. በ1948 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

አስቸጋሪው ነገር ሙቀት ነበር። የኤሌክትሪኩ ኃይል ከፍ ሲል ፈሳሹ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይናወጣል፤ የተለየውም መልሶ ይደባለቃል። መፍትሔው ቱቦውን ማቅጠን ሆነ። ቀጭን ቱቦ ሙቀቱን በግድግዳው በኩል ቶሎ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ጀምስ ጆርገንሰንና ክሪን ሉካክስ የውስጡ ስፋት 75 ማይክሮን በሆነ የመስታወት ቱቦ እስከ 30,000 ቮልት ተጠቅመው ዘዴው እንደሚሠራ አሳዩ። 75 ማይክሮን የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ካፒላሪ የሚለው ስምም የተገኘው ፀጉር መሰል ከሆነው ከዚህ ቱቦ ነው።

ዛሬ የሚሠራበት ቱቦ ከጠራ ሲሊካ የተሠራና እንዳይሰበር በላዩ የተቀባ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ በሁለት ትናንሽ ብልቃጦች ውስጥ ይነከራሉ። ብልቃጦቹም ሆኑ ቱቦው የአሲድነት መጠኑ እንዳይለዋወጥ ተደርጎ በተዘጋጀ የጨው ውሃ ይሞላሉ። ከዚያም ከተፈጨው ጓያ የተዘጋጀው ጭማቂ በአንዱ ጫፍ ይገባል። የሚገባው መጠን የአንድ ሚሊ ሊትር ሚሊዮንኛ እጅ ቢሆን ወይም ከዚያ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ጉዞው ይጀመራል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የቱቦው የውስጥ ግድግዳ አሉታዊ ሙል ስላለው፣ በግድግዳው አጠገብ የሚሰበሰቡት አዎንታዊ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ሲሳቡ ፈሳሹን በሙሉ ይዘውት ይሄዳሉ። ነገሩ በመስኖ ቦይ ውስጥ እንዳለ ውሃ ነው። ከውሃው ጋር የሚዋኝ ቀድሞ ይደርሳል፤ ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ በውሃው ፍጥነት ይሄዳል፤ ሽቅብ የሚዋኝም ቢሆን ውሃው ከበረታበት ወደ ኋላ እየተጎተተ በመጨረሻ ይደርሳል። ኦዳፕ አሉታዊ ሙል ስላለው ሽቅብ ከሚዋኙት ወገን ነው።

አልፋና ቤታ እኩል ክብደት ቢኖራቸውም የአሲድነት ጠባያቸው በጥቂቱ ይለያያል። የጨው ውሃው የአሲድነት መጠን በጥንቃቄ ከተመረጠ፣ በሚሸከሙት ሙል ላይ ትንሽ ልዩነት ይፈጠራል። ይህች ትንሽ ልዩነት በቱቦው ርዝመት ሁሉ እየሰፋች ሄዳ ሁለቱ በተለያየ ደቂቃ እንዲደርሱ ታደርጋለች። በቱቦው መጨረሻ አጠገብ አልትራቫዮሌት ብርሃን በቱቦው ውስጥ ያልፋል። ንጥሩ ሲያልፍ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ በመዝጋቢውም ላይ ጉብታ ይሣላል። የጉብታው ጊዜ የንጥሩን ማንነት፣ የጉብታው ስፋት ደግሞ መጠኑን ይናገራል። ለዚህም መጠኑ አስቀድሞ ከታወቀ ንጹሕ ኦዳፕ ጋር ይነጻጸራል። የጓያን አልፋና ቤታ ኦዳፕ በዚህ ዘዴ ለይቶ የመለካት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል።

ቁጥሩ ምን ይላል? ምንስ አይልም?

ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በመቶኛ ይጻፋል። 0.2 በመቶ ማለት በአንድ ኪሎ ጓያ ውስጥ 2 ግራም መርዝ አለ ማለት ነው። አነስተኛ መርዝ አለው የሚባለው ጓያ በአብዛኛው ከዚህ በታች የሆነው ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ለብቻው ማየት ያሳስታል። ለምሳሌ አንድ ሰው 0.4 በመቶ መርዝ ካለው ጓያ በቀን 200 ግራም ቢበላ 0.8 ግራም መርዝ ይወስዳል። ሌላው 0.2 በመቶ ካለው ጓያ 400 ግራም ቢበላ የሚወስደው ያንኑ 0.8 ግራም ነው። መርዙ ያነሰውን ጓያ «ምንም አያደርግም» ብሎ እጥፍ የሚበላ ቤተሰብ ከፊተኛው አልተሻለም ማለት ነው።

ሁለተኛም ቁጥሩ የዘሩ ብቻ ሳይሆን የዓመቱም ነው። ጓያ በድርቅ ሲጨነቅ በፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ ይጨምራል። በአፈር ውስጥ የዚንክ እጥረት መኖሩም እንዲሁ ያደርጋል። በጥሩ ዝናብ ዓመት የተመዘገበ አነስተኛ ቁጥር ለድርቅ ዓመት ዋስትና አይሆንም። የሚያሳዝነው ግን ገበሬው ጓያን ብቻውን ለመብላት የሚገደደው በዚያው በድርቁ ዓመት መሆኑ ነው።

ሦስተኛም ዘሩ ንጹሕ ሆኖ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአገራችን የተለቀቀው ዋሴ የተባለው ዝርያ የተመረጠው የመርዙ መጠን አነስተኛ በመሆኑ ነው። ይሁንና ጓያ በአብዛኛው በራሱ ቢዳቀልም ንቦች ከሌላ ማሳ የአበባ ዱቄት ያመጡበታል። ከአካባቢው ጓያ ጎን ለጎን እየተዘራ፣ ዘሩም ከዓመት ዓመት እየተቀመጠ ሲሄድ ጠባዩ ይደባለቃል። ስለዚህ ዘር የሚያባዙ ማኅበራት የዘር ማሳቸውን ከሌላ ጓያ አርቀው እንዲይዙና ዘሩን በየጊዜው እንዲያስመረምሩ እንመክራለን።

ከእነዚህ ምክንያቶች የተነሣ ማንኛውም ማኅበር በጆንያ ላይ «መርዝ የሌለው ጓያ» ብሎ ባይጽፍ ይመረጣል። መጻፍ ካስፈለገ የዝርያው ስም፣ የምርት ዘመኑና የተለካው መጠን ይጻፍ።

ናሙና እንዴት ይወሰድ?

መሣሪያው ምንም ያህል ረቂቅ ቢሆን የሚለካው የቀረበለትን ብቻ ነው። ጠብታዋ ከግማሽ ኪሎ ትወጣለች፤ ግማሽ ኪሎው ደግሞ ከብዙ ኩንታል ይወጣል። ናሙናው ከተበላሸ ቁጥሩም ይበላሻል። በመሆኑም የሚከተሉት ይፈጸሙ።

ሀ) ናሙና ከአንድ ጆንያ ብቻ አይወሰድ። ከተለያዩ ጆንያዎች፣ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች እየተዘገነ ይሰብሰብ።

ለ) የተሰበሰበው በንጹሕ ሸራ ላይ ተደባልቆ ይዘርጋ። በመስቀል ለአራት ይከፈል፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ ወደ ጆንያ ይመለሱ። የቀረው ግማሽ ኪሎ ያህል እስኪሆን ድረስ ይህ ይደጋገም።

ሐ) ፍሬው ጥሬ ይሁን። የታጠበ ጓያ መርዙ በከፊል ወጥቶለታል፤ የተቆላ ወይም የተቀቀለም ጠባዩ ተለውጧል። የበሰለ ምግብ ማስመርመር ካስፈለገ አሠራሩ ተጽፎ ለብቻው ይላክ።

መ) በደንብ የደረቀ ይሁን፤ በጨርቅ ወይም በወረቀት ከረጢት ይላክ።

ሠ) የሁለት ማሳ ወይም የሁለት ዓመት ምርት አይደባለቅ።

ረ) ከናሙናው ጋር የቀበሌው ስም፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የዘሩ ምንጭ፣ የተዘራበትና የታጨደበት ጊዜ፣ የዝናቡም ሁኔታ ተጽፎ ይላክ። ይህ ካልተጻፈ ቁጥሩን መተርጎም አይቻልም።

ውጤቱ እስኪደርስ ለቤተሰብ የሚሰጥ ምክር

የላቦራቶሪ ውጤት ጊዜ ይወስዳል፤ ረሃብ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ምክሩ ከውጤቱ ቀድሞ መድረስ አለበት።

በመጀመሪያ ጓያ ብቻውን ዋና ምግብ አይሁን። እንደ ገብስ፣ ጤፍ ወይም ማሽላ ካለ የብርዕ ሰብል ጋር ተቀላቅሎ፣ የብርዑ ድርሻ በዝቶ ይበላ። ጥናቶች እንዳሳዩት በጣም አደገኛው አበላል ቆሎው፣ ንፍሮውና ጥሬ እሸቱ ነው። ከቅመማ ቅመም ጋር በወጥ መልክ የሚሠራው አደጋው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛ፣ ውሃ በሚገኝበት ቦታ ጓያው በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ ከዚያ ይቀቀል፤ የተቀቀለበት ውሃም ይደፋ። የተዘፈዘፈበትን ውሃ መልሶ ለወጥ ማዋል መርዙን መልሶ ወደ ድስቱ ማስገባት ነው። ሦስተኛ፣ የእግር መክበድ፣ የባት መኮማተር ወይም የጉልበት መድከም የተሰማው ሰው ጓያውን ወዲያው ያቁም፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይሂድ።

የእህል ርዳታ በሚታደልበት ጊዜም ጓያ በብዛት የሚበላባቸው ቀበሌዎች በቅድሚያ እንዲታሰቡ የልማት ሠራተኛው ለሚመለከታቸው ማስታወቅ ይኖርበታል። አንድ ቤተሰብ ከጓያው ጋር የሚቀላቅለው ጥቂት የብርዕ እህል ማግኘቱ ብቻ የልጆቹን እግር ሊያድን ይችላል።

በአጭሩ ጓያን ከማሳው ማጥፋት መፍትሔ አይደለም፤ በድርቅ ዘመን ሕይወት ያቆየ ሰብል ነውና። የምንሻው መርዙ አነስተኛ የሆነ ዘር፣ በንጽሕና የተባዛ፣ በየዓመቱ የተመረመረ፣ በጥንቃቄም የተበላ ጓያ ነው። ላቦራቶሪው የዚህን አንዱን ክፍል ይሠራል። የቀረው በልማት ሠራተኛው፣ በማኅበሩና በየቤቱ ማድ ቤት የሚሠራ ነው።