ሰው ለመብቱ ወደ አደባባይ የሚወጣው እንዴት ነው?

ስለ ታላላቅ ሕዝባዊ እንቅስቃሴዎች የተጻፉትን መጻሕፍት ስናነብ ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው በመሪዎቹ ስም ላይ ነው። ንግግር ያደረገው፣ የታሰረው፣ ሐውልት የቆመለት ማን እንደሆነ እናጠናለን። ዳሩ ግን መሪ ብቻውን እንቅስቃሴ አይሆንም። ከጎኑ ቤት የምታጸዳ ሴት፣ ታክሲ የሚነዳ ሰው፣ በየክፍሉ ቆማ የምታስተምር መምህርት አሉ። እነዚህን በተለምዶ «ተራ ሰዎች» እንላቸዋለን። ተራ የሚለው ቃል ግን በቋንቋችን ተርታነትን ብቻ ሳይሆን «ተራው ደረሰ» እንደምንለው የሥራን ጊዜም ያመለክታል። ትናንት በየሥራቸው የነበሩትን ሰዎች ዛሬ ተራቸው መድረሱን ማን ነገራቸው? በደሉ ነው እንዳንል፣ በደሉ ትናንትም ነበረ። ጥያቄውን በጥቅሉ ከመመለስ ይልቅ አንድ ከተማ መርጠን በቅርብ ብንመለከት ይሻላል። ከተማው በአሜሪካ የአላባማ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ የሆነው ሞንትጎመሪ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1955 በሞንትጎመሪ ጥቁሮችና ነጮች በአውቶቡስ ውስጥ በሕግ ተለያይተው ይቀመጡ ነበር። የፊተኞቹ መቀመጫዎች ባዶ ቢሆኑ እንኳ ጥቁር አይቀመጥባቸውም። መሐል ላይ የተቀመጠ ጥቁር ደግሞ የፊቱ ክፍል ሲሞላ ተነሥቶ ለነጭ እንዲለቅ ይታዘዛል። ብዙ ጊዜም ጥቁሩ ተሳፋሪ በፊተኛው በር ገብቶ ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ወርዶ በኋለኛው በር እንዲገባ ይገደድ ነበር፤ አንዳንዱ ሾፌር ሰውየው ከበሩ ሳይደርስ አውቶቡሱን አስነሥቶ ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ከተሳፋሪዎቹ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጥቁሮች ነበሩ። ኩባንያው የሚኖረው በሚያዋርዳቸው ሰዎች ገንዘብ ነበር።

በዚያው ዓመት ማርች 2 ቀን ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ተነሺ» ብትባል አልነሣም አለች። ዕድሜዋ ከእናንተ ዕድሜ የራቀ አልነበረም። በዚያ ሰሞን በክፍሏ የጥቁሮችን ታሪክ ስትማር ሰንብታለች፤ ከመቀመጫዋ አጣብቆ ያስቀረኝ ይኸው ታሪክ ነው ስትል በኋላ ተናግራለች። ፖሊሶች ጎትተው አወረዷት፤ አሰሯትም። ጥቁሩ ኅብረተሰብ ተቆጣ፤ ነገር ግን አድማ አልተነሣም። መሪዎቹ ገና ልጅ ናት ብለው፣ ሌላም ምክንያት ጨምረው ለትልቁ ሙግት ሳይመርጧት ቀሩ። ይህ ውሳኔ ብልኅነት ነበረ የሚሉ አሉ። ለልጅቷ ግን ደግነት አልነበረም።

ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ዲሴምበር 1 ቀን፣ ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስም እንዲሁ አልነሣም ብለው ታሰሩ። ስለ እሳቸው በብዙ ቦታ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ ይኸውም ወይዘሮዋ ሥራ ያደከማቸው ልብስ ሰፊ ስለነበሩ እግራቸው ዝሎ ከመቀመጫቸው መነሣት አቃታቸው የሚል ነው። ታሪኩ የሚጥም ቢሆንም እውነቱን ይሸፍናል። ልብስ ሰፊ መሆናቸው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ከ1943 ጀምሮ ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው ብሔራዊ ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆነው ሲሠሩ ቆይተዋል፤ በዚያው ዓመት በጋም በቴነሲ ክፍለ ግዛት ስለ መብት ትግል በተሰጠ ትምህርት ላይ ተካፍለው ተመልሰዋል። የሰለቻቸው እሺ ማለት እንጂ መቆም እንዳልነበረ እሳቸው ራሳቸው ጽፈዋል። በአንድ ምሽት የታየው እምቢታ ከአሥር ዓመት በላይ ሲዘጋጅ የቆየ ነበር።

የእሳቸውን መታሰር የሰሙት የኮሌጅ መምህርት ጆ አን ሮቢንሰን በዚያው ሌሊት ወደ ኮሌጁ ሄደው ከአንድ የሥራ ባልደረባቸውና ከሁለት ተማሪዎች ጋር እስኪነጋ በማባዣ መኪና ከ30 ሺህ በላይ በራሪ ወረቀት አባዙ። ሮቢንሰን በ1949 ባዶ ሊባል በሚችል አውቶቡስ ውስጥ ፊት በመቀመጣቸው ሾፌር ጮሆባቸው እያለቀሱ የወረዱ ሴት ናቸው። የሚመሩት የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤትም አድማውን ከብዙ ጊዜ በፊት ሲያስብበት ቆይቷል። ወረቀቱ የጠየቀው ግን ምን ነበር? ሞት አይደለም፤ እስራትም አይደለም። ሰኞ አንድ ቀን ብቻ አውቶቡስ አትሳፈሩ የሚል ነው። ወረቀቱንም ያደረሰው የማይታወቅ ሰው ሳይሆን የልጅ አስተማሪ፣ ጸጉር ሠሪ፣ ባለሱቅ ነበር። እሑድ ደግሞ ሰባኪዎቹ በየቤተ ክርስቲያናቸው ደገሙት። በእኛ ዘንድ እድር በሐዘን ጊዜ ሰውን ለመሰብሰብ አዲስ ጥሪ እንደማያስፈልገው ሁሉ፣ በሞንትጎመሪም ሰዎች የተንቀሳቀሱት ቀድሞ በሚተዋወቁበት ማኅበር ነው። ጎረቤት ሲሄድ እያየ የሚቀር ያፍራል፤ ብቻውን የፈራም ከጎረቤቱ ጋር ይራመዳል።

ሰኞ ዲሴምበር 5 አውቶቡሶቹ ባዶአቸውን ዞሩ። በዚያ ምሽት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰበ። አድማው ይቀጥል ወይስ ይቁም ተብሎ ሲጠየቅ ሕዝቡ ብድግ ብሎ በመቆም ይቀጥል አለ። የአዲሱ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነው የተመረጡት የሃያ ስድስት ዓመቱ ሰባኪ ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደ ከተማው ከመጡ ገና ብዙ አልቆዩም ነበር። እንግዲህ አድማው መሪውን አገኘ እንጂ መሪው አድማውን አልፈጠረም።

መጀመሪያ የቀረበው ጥያቄ እጅግ ልከኛ እንደነበረ ማወቅ ይገባል። ሾፌሮች ሰውን በአክብሮት ያስተናግዱ፤ የመቀመጫው መለያየት እንኳ ሳይቀር ቀድሞ የገባ ይቀመጥ፤ ጥቁሮች በሚበዙበት መስመር ጥቁር ሾፌር ይቀጠር የሚሉ ነበሩ። ከተማው ይህን እምቢ አለ። ያን ጊዜ ቢፈቀድ ኖሮ ነገሩ በዚያ ያበቃ ይመስለኛል። ልከኛ ጥያቄ ሲናቅ ጠያቂው ጥያቄውን ያሰፋል፤ በዚህም ምክንያት መለያየቱ ራሱ ሕገ ወጥ ነው የሚለው ክስ በፌብሩዋሪ 1956 በፌዴራል ፍርድ ቤት ተመሠረተ።

በዚህ መሐል ሕዝቡ ሥራ ቦታው መድረስ ነበረበት። በመጀመሪያ ጥቁር ባለታክሲዎች በአውቶቡሱ ዋጋ በ10 ሴንት አሳፈሩ፤ ከተማው ግን ከ45 ሴንት በታች ማስከፈል ክልክል ነው የሚለውን ደንብ አወጣባቸው። ከዚያ ባለመኪናዎች ወደ 300 የሚሆኑ መኪናዎቻቸውን አሰልፈው ሰውን በየመቆሚያው ያነሡ ጀመር። ብዙዎች በእግራቸው ሄዱ። አንዳንድ ነጭ እመቤቶችም የቤት ሠራተኞቻቸውን ራሳቸው በመኪና እያመላለሱ፣ ሳያስቡት አድማውን ረዱ። ቤንዚኑስ በምን ይገዛል? ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉ ምግብ አብሳይ ሴቶችን አሰባስበው ዶሮና ኬክ እያዘጋጁ በመሸጥ ገንዘቡን ለማኅበሩ ያስገቡ ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ ቢባል «ከየትም» እንዲባል የቡድናቸውን ስም «ከየትም ያልመጣ ክበብ» አሉት፤ የገዢዎቹና የአብሳዮቹ ስም ከታወቀ እንጀራቸው ይቋረጣልና። ጊልሞር ራሳቸው በፍርድ ቤት ከመሰከሩ በኋላ ከሥራ ተባርረዋል። ንግግር ማድረግ የማይችል፣ መኪናም የሌለው ሰው በእጁ ባለው ሙያ መግቢያ በር እንደሚያገኝ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

የአድማው ዋጋ እየከበደ ሄደ። ኪንግ በሰዓት 25 ማይል በሚነዳበት መንገድ 30 ነድተሃል ተብለው ታሰሩ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1956 ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው እቤት ሳሉ ቦምብ ተጣለባቸው፤ ሁለቱም ተረፉ። በፌብሩዋሪ ደግሞ ከሰማንያ በላይ ሰዎች በአንድ አሮጌ የ1921 ሕግ ተከሰሱ። ያልተጠበቀው ነገር የሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ ፖሊስ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ራሳቸው ሄደው እጃቸውን ሰጡ። ከሁለት ወር በላይ በእግሩ የሄደ ሰው የደከመበትን ነገር በቀላሉ አይለቅም፤ አንድ ቀን ላለመሳፈር የተስማማችው የቤት ሠራተኛም በዲሴምበር ይህን ሁሉ ትጠየቅ ኖሮ ምናልባት እምቢ ትል ነበር።

በፌዴራሉ ክስ ላይ ከተጠቀሱት አራት ሴቶች አንዷ ያቺ ሳትመረጥ የቀረችው ክሎዴት ኮልቪን ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ሆኗት በዳኞች ፊት ቆማ መሰከረች። ሴቶቹ ረቱ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ኖቬምበር 13 ቀን 1956 ፍርዱን አጸና። አድማው ከ381 ቀናት በኋላ ቆመ፤ ዲሴምበር 21 ቀን ጥቁሮች በፈቀዱት መቀመጫ ተቀምጠው ተሳፈሩ። በዚያው ሰሞን በአውቶቡሶቹ ላይ ጥይት ተተኮሰ። ሮዛ ፓርክስ ሥራ ስላጡ በ1957 ከተማውን ለቀው ወደ ዲትሮይት ሄዱ። ክሎዴት ኮልቪን በልጅነታቸው የተፈረደባቸው መዝገብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተሰረዘው በ2021 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር።