ትልቅ ቁጥር አንብቦ መመርመር

በነጌሌ፣ በያቤሎ፣ በአሬሮና በዙሪያው ያላችሁ ሁሉ እርሳስና ወረቀት ያዙ። ዛሬ የምናነበው አንድ ቁጥር ነው፦ 194,313።

አትደንግጡ። ከነጠላ ሰረዟ በስተግራ ያለውን አንብቡና «ሺህ» በሉ፤ ከዚያ ቀሪውን ቀጥሉ። አንድ መቶ ዘጠና አራት ሺህ ሦስት መቶ ዐሥራ ሦስት።

ከየት መጣ? ከቀን ቆጠራችን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሦስት ዓመታት 365፣ አራተኛው ዓመት 366 ቀን አላቸው። አራቱ ሲደመሩ 1,461 ቀን ይሆናሉ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ደግሞ 532 ዓመትን «ዐቢይ ቀመር» ይሉታል፤ 28 በ19 ተባዝቶ ማለት ነው። በ532 ውስጥ 4 ዓመት 133 ጊዜ ይገኛል። 1,461ን በ133 አባዙ፤ ያ ቁጥራችን ይመጣል።

ይህን ቁጥር ለ7 ስናካፍለው 27,759 ይደርሳል፤ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ አንዱ ዐቢይ ቀመር ሰኞ ከጀመረ ተከታዩም ሰኞ ይጀምራል።

ቦረናዎች ግን ሌላ 27 የቀን ስሞች አሏቸው። አያና ይባላሉ፤ በተራ ይመላለሳሉ። አያንቱ የሚባሉት ዐዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን እያዩ፣ ያለ ጽሑፍ፣ በቃላቸው ይቆጥራሉ። «ፊደል ያልቆጠረ ሒሳብ አይገባውም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር እነሱን አስባለሁ።

ታዲያ ከ532 ዓመት በኋላ ሰኞ ሲመለስ ያው አያና አብሮት ይመለሳል? 27 ማለት ሦስት ጊዜ 9 ነው። ለ9 እኩል ያልተካፈለ ቁጥር ለ27ም አይካፈልም። ስለዚህ 9ኙን እንሞክር።

100 ብር ለ9 ሰው ብታካፍሉ ለእያንዳንዱ 11 ይደርሰዋል፤ 1 ብር ይተርፋል። 1,000 ብርም ቢሆን 111 ይደርስና 1 ይተርፋል። ዐሥሩም፣ ዐሥር ሺሁም፣ መቶ ሺሁም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ትርፉን ለማወቅ አኃዞቹን መደመር ይበቃል። (እኔ ይህን በማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ ዝም ብዬ ሸምድጄው ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ኋላ፣ ብር እየቆጠርኩ ሳስተምር ነው።)

እንግዲህ ደምሩ፦ 1፣ 9፣ 4፣ 3፣ 1፣ 3። ድምሩ 21 ነው። 21 ለ9 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ስለዚህ ቁጥራችን ለ9 እኩል አይካፈልም፤ ለ27ም አይካፈልም። ሰኞው ይመለሳል፣ አያናው ግን ሌላ ነው። ለ27 አካፍላችሁ ብታዩ 21 ይተርፋል፤ አያናው 21 ስም ወደፊት ሄዷል ማለት ነው። ይህኛው 21 ከድምሩ 21 ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነውና አትሳሳቱ።

ሁለቱ አብረው የሚመለሱት ዐቢይ ቀመር 9 ጊዜ ሲዞር፣ ከ4,788 ዓመት በኋላ ነው። የቀኑ ብዛት 1,748,817 ይሆናል። ሁለት ሰረዝ አለው፤ ከፊተኛው ሰረዝ በፊት ያለው ሚሊዮን ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከዚያ አኃዞቹን ደምሩና ድምሩን ለ9 አካፍሉ። በሚቀጥለው ጊዜ መልሱን አብረን እናያለን።