አንድ የኢንተርኔት መስመር ለሁለት ኮምፒዩተር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው በወረታ ከተማ ነው። ከከተማዪቱ ወጣ ሲሉ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ባሕር ዳርቻ ተዘርግቶ ይታያል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁት ሩዝ ይዘራበታል፤ በበጋም ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማበታል። አንድ ቦይ ለብዙ ማሳ በሚሆንበት አገር ተራ የሚያስከብር የውሃ አባት እንደሚሾም አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ውሃ ሳይሆን የኢንተርኔት መስመር ነው፤ ነገር ግን ከቦዩ ብዙ የሚርቅ አይደለም።

በወረታ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ በሐሳባችን እንመልከት። አባትየው የሩዝ ነጋዴ ሆኖ ሒሳቡንና ደብዳቤውን በኮምፒዩተር ይሠራል፤ ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ብሔራዊው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ የልጅቱ እጅ መሣሪያውን አስቀድሞ ሊለምደው ይገባል ተብሎ ሁለተኛ ኮምፒዩተር ተገዛላት። ያን ጊዜም ጥያቄ ተነሣ፤ «ሁለተኛ መስመር ልናስገባ ነውን? ሁለት ጊዜስ ልንከፍል ነው?»

አያስፈልግም። ቤቱ ከውጭ የሚታወቀው በአንድ አድራሻ ነው፤ ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቍጥር ደብዳቤ እንደሚቀበል ያለ ነው። ራውተር የተባለው ትንሽ ዕቃ ግን በቤት ውስጥ ላሉት ኮምፒዩተሮች ለየራሳቸው የውስጥ ቍጥር ያድላቸዋል፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ነው። አባትና ልጅ በአንድ ጊዜ ጥያቄ ቢልኩ፣ ራውተሩ የትኛው የማን እንደ ሆነ መዝግቦ ሁለቱንም በቤቱ አድራሻ ያወጣቸዋል፤ መልሱም ሲመጣ መዝገቡን ተመልክቶ ለየባለቤቱ ያደርሳል። ይህ ዘዴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1994 በጽሑፍ የወጣው፣ ለዓለም ሁሉ የነበሩት አድራሻዎች ወደ 4.3 ቢሊዮን ብቻ ስለ ሆኑ ያልቃሉ ተብሎ ስለ ተፈራ ነው።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን በ1989 ዓ.ም. ሲገባ በስልክ መስመር እየተደወለ የሚገኝ ስለ ነበረ፣ እንኳን ሁለት ኮምፒዩተር ስልኩም ይያዝ ነበር። ኋላም በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ዊንዶውስ 98 አንዱ ኮምፒዩተር መስመሩን ተቀብሎ ለሌላው እንዲያካፍል አስቻለ፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሲጠፋ ሁለተኛውም አብሮ ይቋረጥ ነበር። ዛሬ ራውተሩ ይህን ጣጣ አስቀርቶልናል።

አገናኙ ገመድ ሊሆን ይችላል፤ የተለመደው የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያገለግላል። ያለ ገመድ በዋይፋይ የሚፈልግ ደግሞ ራውተሩን ከቤቱ መካከል ከፍ ባለ ቦታ ያኑረው። ከብረት ቁም ሣጥን ኋላ የሚደብቁት አሉ፤ ብረት ሞገዱን ስለሚመልሰው በጓዳው ያለው ኮምፒዩተር ምንም አያገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መስመሩ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ከሆነ፣ ሁለት ኮምፒዩተር ስለ ተያያዘበት 8 አይሆንም። ሆኖም ጽሑፍ የሚያነብ ሰው መስመሩን የሚይዘው ገጹ እስኪከፈት ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው፤ እርሱ ሲያነብ መስመሩ ባዶውን ይቀመጣል። ስለዚህ ሁለት አንባቢዎች ብዙ ጊዜ አይጋፉም። ጠቡን የሚያመጣው ቪዲዮና ትልልቅ ፋይል ማውረድ ነው። አንድ ጊጋባይት በዚህ መስመር ለማውረድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በዚያን ሰዓት ልጅቱ የምትከታተለው ትምህርት እየተቈራረጠ ይቆማል። ከሁሉ የሚከፋው ማንም ሳያዝዝ ኮምፒዩተሩ በራሱ የሚያወርደው አፕዴት ነው፤ አባትየው «ምንም አልነካሁም» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ለየኮምፒዩተሩ ፍጥነት የሚወስኑ ራውተሮች አሉ። እኔ ግን ለሁለት ኮምፒዩተር ይህን ያህል መድከም ያስፈልጋል አልልም። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት መስመሩ የተማሪዋ ይሁን፤ ፊልምና አፕዴት ሁሉ ሰው ከተኛ በኋላ ይውረድ። የውሃ አባትነቱን እናቲቱ ብትይዘው የበለጠ ሳይከበር አይቀርም።

ጎረቤት የይለፍ ቃሉን ሲጠይቅ መከልከል ያሳፍራል። ለዚህም ብዙ ራውተሮች የእንግዳ መስመር የሚባል አላቸው፤ ለብቻው የይለፍ ቃል ያለው ስለ ሆነ የቤቱን ኮምፒዩተሮች ለእንግዳው ሳይገልጥ ያስተናግዳል። ፍጥነቱ ግን ያው ከአንዱ ቦይ የሚቀዳ ነው።

ቋሚ መስመር የሌለው ቤት ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ ለሁለቱም ሊያካፍል ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚካፈለው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የተገዛው ጥቅልም ነው፤ አንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ 1 ጊጋባይት ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ የዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ መስመሩ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን ማመልከት ይገባል፤ አብዛኛው አፕዴት ያን ጊዜ ይቆማል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበር ግን፣ ለፈተና የሚያስፈልጉትን መጻሕፍትና የቆዩ ጥያቄዎች መስመር ባለበት ቀን አውርዶ በሁለቱም ኮምፒዩተር ላይ ማኖር ይሻላል።

መብራት ሲጠፋም የላፕቶፑ ባትሪ ይሠራል፤ ራውተሩ ግን ወዲያው ይሞታል፤ ኢንተርኔቱም አብሮት ይሄዳል። ራውተር የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ስለ ሆነ፣ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት፣ ብዙ ጊዜ 12 ነው፣ አይቶ ለዚያ የሚስማማ ትንሽ ባትሪ ቢገዙለት ሁለቱም ኮምፒዩተሮች በምሽት ከመስመር አይወጡም።