ኔትወርክ በሌለበት ክፍል ውስጥ ስልክ ምን ይሠራል?

ቢስቲማ ላይ ስለ ተማሪና ስልክ ወሬ ከተነሳ ሁለት ወገን ነው የሚሰማው። ወላጅ «ይሄ ስልክ ልጄን አበላሸብኝ» ይላል። ተማሪው ደግሞ «መጽሐፉ ራሱ እኮ ያለው ስልክ ላይ ነው» ይላል። እኛ ሁለቱም እውነት አላቸው ባዮች ነን። ስልኩ ክፍል ውስጥ ገብቶ ማን እንደሚያዝዘው ግን ብዙም አይወራም።

ታላላቆቻችሁን ስለ «ፕላዝማ» ጠይቋቸው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ የቀረው የቴሌቪዥኑ ነው። በአንድ በኩል ጥሩ ነበር፤ ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ሙከራ ሲሠራ በዓይኑ አየ። ግን ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ማን ይሰማዋል? ቴሌቪዥኑ አይቆም። ማስታወሻ ጽፎ ሳይጨርስ ሥዕሉ ያልፋል። መብራት ከሄደማ በቃ፣ የዕለቱ ትምህርትም አብሮ ሄደ።

የዛሬው ስልክ ከዚያ ሁሉ ዕቃ የሚበልጠው በዚህ ነው፦ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይደገማል። ማቆሚያው በመምህሩ እጅ ገብቷል ማለት ነው።

ግን ኔትወርኩስ? ከ2015 ጀምሮ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተመ መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም፤ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ዞረ። ከዚያ በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ተዘግቶ ቆየ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሊንክ የያዘ ልጅ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ፋይሉን የያዘ ያነባል። ስለዚህ ዳታ ሲኖር ማውረድ፣ ክፍል ውስጥ ያለ ዳታ መጠቀም ነው የሚያዋጣው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዋይፋይ ያገኘ አንድ ሰው ካወረደ ለሌላው በብሉቱዝ፣ በኩዊክ ሼር ወይም በሚሞሪ ካርድ ይደርሳል። ኮሊብሪ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ደግሞ አንድ ጊዜ ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ በአካባቢው ያሉ ስልኮች ያለ ኢንተርኔት፣ በዋይፋይ ብቻ፣ ከላፕቶፑ ላይ ቪዲዮና መልመጃ ይከፍታሉ።

ፊዚክስን እንውሰድ። የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው «ፌት» የሚባሉ የሳይንስ ሲሙሌሽኖች አሉ። በነጻ ይወርዳሉ፤ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። መምህሩ ባትሪና አንድ አምፖል ያገናኝና ይጠይቃል፦ «በዚሁ መስመር ላይ ሁለተኛ አምፖል በተከታታይ ብጨምር የመጀመሪያው ይደምቃል፣ ይደክማል ወይስ እንዳለ ይቆያል?» እዚህ ላይ ስልኩን ማንም አይነካም። ተማሪው ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል። «እንዳለ ይቆያል» የሚል አይጠፋም። ከዚያ አምፖሉ ይጨመራል፤ ሁለቱም ደክመው ይታያሉ። ለምን? ክርክሩ እንደገና ይነሳል። ለዚህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለአምስት ተማሪም አንድ ስልክ ይበቃል። መጀመሪያ ሳይገምት ዝም ብሎ ካየው ግን ከፕላዝማው በምን ተለየ?

አንድ ስልክ ለአምስት ያልነው በምክንያት ነው። ስልክ የሌለው ልጅ አለ፤ እህትና ወንድም በአንድ ስልክ የሚጠቀሙበት ቤትም አለ። «ቴሌግራም ላይ የለቀቅኩትን ሠርታችሁ ኑ» የሚል የቤት ሥራ እነዚህን ልጆች በር ላይ ነው የሚያስቀራቸው። የሚለቀቀው ነገር ሰሌዳ ላይም ይጻፍ። ሚኒሚዲያ ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ተማሪው ራሱ አንድ ከባድ ጥያቄ በአማርኛ ሲያብራራ በድምፅ ቀድተው በእረፍት ሰዓት ቢያሰሙት ስልክ የሌለውም ይሰማል።

የወላጆችን ስጋት ቀላል አናደርገውም። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ስልክ ተማሪን እንደሚያዘናጋ አስጠንቅቋል። በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤት ስልክን በሕግ ወይም በመመሪያ የከለከሉት አገሮች ከአራት አንድ አይሞሉም ነበር። በእኛ በኩል መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሥራው ሲያልቅ ስልኩ ተገልብጦ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ቲክቶክ የትም አይሄድም።

ስልክ የማይሸፍነውም ነገር አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። በዚያ ዓመት የማለፊያ ውጤት ያመጡት ከመቶ 5.4 ብቻ እንደነበሩ አትርሱ። በ2014ቱ ጦርነት በአካባቢያችን ብዙ የትምህርት ንብረት ጠፍቷል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ክፉኛ ተዘርፏል። በስልክ ጣቱን እያንሸራተተ የለመደ ልጅ ደግሞ ማውስ ሲይዝ እጁ ይተሳሰራል፤ ፈተናው ላይ ሰዓቱ ይበላበታል። ይህን ለመለማመድ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች በፍላሽ ተጭነው አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይከፈታሉ። ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ ተቆልፎ የሚውል የኮምፒውተር ክፍል ካለ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አጣሩና ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲከፈትላችሁ በተማሪዎች ተወካይ በኩል ጠይቁ።