«ሲስተም የለም» ሲባል ከጀርባው ምን ሆኖ ነው?

ተራ ጠብቃችሁ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ቃሉ አንድ ነው፣ ምክንያቱ ግን ብዙ ነው። አንዳንዴ ኔትወርክ ነው፣ አንዳንዴ መብራት። አንዳንዴ ደግሞ የሁላችንም ስም፣ ሒሳብና ክፍያ የተቀመጠበት መዝገብ ቤት፣ ማለትም ዳታቤዝ ሰርቨሩ ታሞ ነው።

ዛሬ ይህ መዝገብ ቤት ሲቆም ከየት መጀመር እንዳለበት እናያለን። በክሊኒክ፣ በትምህርት ቤት ወይም በትንሽ ቢሮ ሰርቨር የምትይዙ ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

ከሁሉም በፊት፦ ቶሎ ብሎ ሪስታርት ማድረግ ይቅር። መጀመሪያ የስህተት ሎጉን አንብቡ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ተጽፎ ይገኛል።

1. ዲስኩ ሞልቶ ይሆን?

ሰርቨሩ በርቷል፣ ግን ምንም አይመዘግብም። ማይኤስኪውኤል ቦታ እስኪገኝ ቆሞ ይጠብቃል። ፖስትግሬስ ደግሞ እያንዳንዱን ለውጥ ቀድሞ የሚጽፍበት ቦታ ካጣ ይዘጋል። ስለዚህ ቀሪውን ቦታ እዩ፣ የቆዩ ኮፒዎችን ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ።

የማታውቁትን ፋይል ግን እንዳታጠፉ! ፖስትግሬስ ድሮ «ፒጂ ኤክስሎግ» የሚባል ፎልደር ነበረው። ተራ ሎግ እየመሰላቸው ያጠፉት ሰዎች ዳታቤዛቸውን አበላሽተዋል። በዚህም የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ቨርዥን 10 ላይ ስሙ «ፒጂ ዋል» ተብሎ ተቀየረ።

2. ኮኔክሽን ሞልቶ ይሆን?

እንደ ታክሲ ነው፤ ወንበሩ ከሞላ ቀጣዩ ሰው ውጭ ይቀራል። ማንም ካልነካው ፖስትግሬስ 100፣ ማይኤስኪውኤል 151 ኮኔክሽን ነው የሚቀበለው። ብዙዎች ቁጥሩን ዝም ብለው ይጨምራሉ። ግን እያንዳንዱ ኮኔክሽን ሚሞሪ ይበላል። መጀመሪያ ሥራ ሳይሠራ ወንበር የያዘው ማን እንደሆነ እዩ። አፕሊኬሽኑ እየከፈተ የማይዘጋ ከሆነ መስተካከል ያለበት እሱ ነው።

3. አንዱ ይዞ ሌላው እየጠበቀ ይሆን?

ሰርቨሩ ሥራ አልበዛበትም፣ ግን ሁሉም ነገር ቆሟል። አንድ ሠራተኛ መዝገብ ማስተካከል ጀምሮ ሳያጸድቀው ምሳ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ተቆልፎ ሌላው ሁሉ ከኋላው ይሰለፋል። የመጀመሪያውን ቆላፊ ፈልጉ። ስታቋርጡት ያልጨረሰው ሥራ ስለሚሰረዝ፣ ከተቻለ ቀድማችሁ ጠይቁት።

4. ባክአፑ በእርግጥ አለ?

ከላይ ያሉት ሁሉ ይስተካከላሉ። ዳታ ከጠፋ ግን ያለ ባክአፕ መመለሻ የለም።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የፕሮግራመሮች ድረ ገጽ ላይ የሆነው ይኸው ነው። አንድ ባለሙያ ማታ ላይ የተበላሸ ሁለተኛ ሰርቨር ሲያስተካክል፣ ሁለተኛው ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ፎልደር አጠፋ። ነቅቶ ሲያቆመው 300 ጊጋባይት ከሚሆነው ዳታ 4.5 ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ባክአፕ አለን» ብለው ሲፈልጉ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ቨርዥኑ 9.2፣ ዳታቤዙ ግን 9.6 ስለነበር ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል። «አልተሳካም» የሚለው ኢሜይልም ተቀባዩ ጋ አልደረሰም።

ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሙከራ የተወሰደ ኮፒ ነው። አገልግሎቱ ወደ 18 ሰዓት ተቋርጦ ተመለሰ፣ የስድስቱ ሰዓት ዳታ ግን ቀረ። ድርጅቱ የሆነውን ሳይደብቅ ጻፈ፣ የማስመለሱንም ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፈ።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ፣ ባክአፕ አይደለም። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ኮፒውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጫኑት፣ ክፈቱት፣ የትናንቱ መዝገብ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያው ዲስክ ላይ ብቻ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታልና ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

እናንተ ጋ ባክአፑ ለመጨረሻ ጊዜ የተሞከረው መቼ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ሰርቨር ለሚይዝ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።